የአያ አህዮ ባጃጅ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ካላችሁኝ፣ ይኸኛው በረት የአህያ ነው።

አያ አህዮ የጉንደ ወይን ነዋሪ ነበር። በዚያ ዘመን ገበያ የሚቆሙት፣ እቁብ የሚጥሉት፣ ማኅበር የሚጠጡትና ግብር የሚገብሩት እንስሳቱ ስለነበሩ፣ በዚህ ተረት ውስጥ ሰው የለም። ያለ የመሰለው ቢኖር የራሱ ጉዳይ ነው።

የአያ አህዮ ዘር በጎጃም መንገድ ሁሉ የታወቀ ነው። ቅድመ አያቶቹ አሞሌ ጨው ተጭነው ባሶ ገበያ ድረስ ወርደዋል። አያቱ የጮቄን ገብስ፣ አባቱ የጎንቻን ጤፍ ሲያመላልሱ አርጅተዋል። ሁሉም የሞቱት ጀርባቸው ተልጦ ነው። አያ አህዮ አባቱን በቀበረ ማግሥት ለዘመዶቹ፦ «እኔ ላይ ይቆማል። ከእንግዲህ ጭነቱን ብረት ይሸከመው» አላቸው።

ብረት ያለው ባጃጅ ነው። እቁብ ገባ፤ ዕጣው ሲወጣለት ከአጎቱ ተበድሮ ጨመረበትና ደብረ ማርቆስ ወጣ። እዚያ እመት ጦጢት ትልቅ መሸጫ ከፍታለች። በሩ ላይ ዘበኛው ውሻ የገባውን ሁሉ ስሙን፣ አገሩንና ጉዳዩን መዝገብ ላይ ሳያሰፍር አያስገባም። ይቺን መዝገብ ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

ቡና ተፈላ። እመት ጦጢት አንዷን ሰማያዊ ባጃጅ ዘላ ወጣችባት፤ በጣሪያዋ ተንጠለጠለች፤ በፊት መስታወቷ ገብታ በኋላ መቀመጫዋ ወጣች። «እያት! የወንበሯ ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም! ደግሞ መንግሥት በ2016 ነዳጅ የሚጠጣ መኪና አይገባም ብሎ ከከለከለ ወዲህ ነገ ይቺንም አታገኛትም።» ክልከላው የወጣው ስለ ቤት አውቶሞቢል ነበር፤ ጦጢት ግን ሲሚንቶ ብትሸጥም ኖሮ ለሲሚንቶው ትጠቀምበት ነበር።

በዋጋው ተከራክረው ተስማሙ። ደረሰኝ ሊቆረጥ ሲል ጦጢት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አያ አህዮ፣ በግማሹ ልቁረጥልህ። እኔ ከግብሩ እተርፋለሁ፣ አንተም ከስም ማዛወሪያው ትተርፋለህ።» አያ አህዮ እጥፍ ደግ መስላው ፈረመ። እኛ አገር ስንት ቤትና ስንት መኪና በወረቀት ላይ በግማሽ ዋጋው እንደሚሸጥ የማያውቅ አንባቢ ካለ እጁን ያውጣ። እንዲህ ያለች ፊርማ ሁለቱንም ደስ ታሰኛለች፤ ማንን አስራ እንደኖረች የሚታወቀው ዕቃው ሲበላሽ ነው።

በሉማሜ፣ በደጀን፣ በቢቸና አድርጎ መጣ። ደብረ ወርቅን እንዳለፈ ባጃጇ ወደ ግራ ትስብ ጀመር። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ ከሥር የሆነ ነገር ይንቋቋል። ጉንደ ወይን ሲገባ ዘመድ አዝማድ እልል ብሎ ወጣለት፤ እሱ ግን እልልታውን በመስኮት እየሰማ ቀጥታ አያ ፍልፈል ጋራዥ ገባ።

አያ ፍልፈል ዓይኑ አያይም ማለት ይቻላል። ሥራው ሁሉ ከሥር ስለሆነ ዓይን አላስፈለገውም። ባጃጇ ሥር ገባና ሻንሲውን በጢሙ ዳሰሰው፤ መለስ ብሎ ደግሞ ዳሰሰው።

«አያ አህዮ፣ ይቺ ተገልብጣ ታውቃለች።»

«እንዴት ትገለበጣለች? አዲስ ናት።»

«ቀለሟ ነው አዲስ። ሻንሲዋ ተሰብሮ ተበይዷል። ከቀለሙ ሥር ብየዳው ዝጓል።»

አያ አህዮ በማግሥቱ ደብረ ማርቆስ ተመለሰ። እዚህ ላይ እመት ጦጢት ምን እንዳደረገች መንገር የምወደው ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ክፉ ነጋዴ ይቆጣል፣ ይክዳል፣ ያባርራል ብለን ነው የምናስበው። ጦጢት አልተቆጣችም። ደረቷን መታች። «አፈር ልብላልህ! እኔ ቤት? በል ነገ ና፤ መካኒኩ ያየዋል።» በነገው መካኒኩ ለቅሶ ሄዷል። በማግሥቱ ሲስተም የለም። ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ማን እንደሆነ ቢጠይቅ ደግሞ ራሷ ናት። አያ አህዮ አንድ ዘመዱ ቤት አርፎ በየጠዋቱ ይመላለሳል፤ በየጠዋቱ ቡና ይቀርብለታል፤ በየጠዋቱ «አያ አህዮ፣ እንደ አንተ ያለ ትዕግሥተኛ ደንበኛ የለኝም» ይባላል። እሱም ይኸን ምስጋና ይዞ ይመለሳል። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሲገባ ቡና የለም። ጦጢት ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየችና ዞረች፦

«የትኛው ባጃጅ?»

ጉንደ ወይን ሲመለስ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለው ጥድ ላይ አባ ቁራ ተቀምጠዋል። አባ ቁራ ዕድሜያቸው አይታወቅም፤ ያላዩት ሙግት ግን የለም።

«ልጄ፣ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል አለ። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። ጦጢት ‹ነገ ና› ስትልህ የምታዘገይህ መስሎሃል። እየቆጠረች ነበር።»

«ጠይቄአታለሁ እኮ አባ! በየቀኑ!»

«በምን ጠየቅሃት?»

«በአፌ።»

«ማን ጻፈው?»

አያ አህዮ ጆሮውን ጣለ። ጥቂት ቆይቶ ግን ጆሮው ቀጥ አለ። የዘበኛው ውሻ መዝገብ! በየጠዋቱ በር ላይ «አያ አህዮ፣ ከጉንደ ወይን፣ ስለ ተበየደችው ባጃጅ» እየተባለ ተጽፏል። ጦጢት ሌባ እንዳይገባ ያስያዘችው መዝገብ በእሷው ወረቀት፣ በእሷው ደመወዝተኛ እጅ ምስክር ሲሞላ ከርሟል።

«እንግዲህ ሕጉ ከአንተ ጋር ነው» አሉ አባ ቁራ። «ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት እንዳይኖርበት ዋስ ነው። እያወቀ የሸሸገውንማ ‹መርምረህ አልገዛህም› ብሎ አያመልጥም። ፍርድ ቤት ብትሄድ ትረታ ይሆናል። ግን እዚያም ቀጠሮ አለ፣ ይግባኝም አለ፤ አንተ ደግሞ የአጎትህ ብድር አለብህ።»

ወሬው ተሰማና መካሪው በዛ። በሬ፦ «ተወው፣ ለእግዜር ስጠው» አለው። በሬ ሁሉንም ነገር ለእግዜር ሰጥቶ ቀንበሩን ግን ለራሱ ያስቀረ ፍጡር ነው። አያ ጅቦ፦ «አድራሻዋን ብቻ ንገረኝ» አለ። አያ አህዮ ከጅብ ጋር ብቻውን ማውራት ስለማይወድ ቶሎ አሰናበተው። አውራ ዶሮ ግን ደረቱን ነፍቶ፦ «ጩኸት ነው የሚያዋጣህ! እኔ እጮህልሃለሁ» አለ።

«መጮኹስ ይጮኻል» አሉ አባ ቁራ፣ «የት እንደሚጮህ ነው ነገሩ። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የሞጣና የቢቸና ገበሬ፣ የዳሞትም፣ መሬቴን አላስለካም ብሎ ተነሣ። ያን ጊዜ የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ነበሩ። አቤቱታው በእሳቸው ላይ ነው፤ የሚሰማውም በእሳቸው ደጅ። ተከሳሽ ዳኛ ሆኖ በተቀመጠበት ደጅ ድምፅ ምን ይሆናል? ሽማግሌዎች አዲስ አበባ ድረስ ወጡ። ደምም ፈሰሰ፤ የሰውም የከብትም። መጨረሻ ላይ ገዢው ተነሡ፣ የከረመው ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። አንተ ደብረ ማርቆስ ሄደህ ማን ደጅ ነበር የጮህከው?»

«አልጮህኩም። ቡና ነው የጠጣሁት።»

አባ ቁራ ከሩቅ ምሥራቅ የሚመጣ አንድ ጭልፊት ወዳጅ አላቸው፤ የነገራቸውን ነገሩት። በቻይና፣ ሺያን በሚባል ከተማ አንዲት ሴት በ660,000 ዩዋን መርሴዲስ ገዛች። መኪናዋ ገና ከመሸጫው ግቢ ሳትወጣ ሞተሯ ዘይት ማፍሰስ ጀመረ። ሻጩ መጀመሪያ ገንዘብሽን እመልሳለሁ አለ፣ ቀጥሎ መኪናሽን እለውጣለሁ አለ፣ በመጨረሻ ሞተሩን ብቻ እቀይራለሁ አለ። ሴትዮዋ በሚያዝያ 2011 እዚያው መሸጫ ውስጥ መኪናው ኮፈን ላይ ወጥታ ተቀመጠችና እያለቀሰች ነገሯን ተናገረች። አንዱ ቀረጻት፤ አገሩ ሁሉ አየው። በቀናት ውስጥ ሌላ መኪና ተሰጣት፣ ያለ አግባብ የተወሰደባት ክፍያ ተመለሰላት፤ ሻጩንም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አንድ ሚሊዮን ዩዋን ቀጣው።

«ኮፈኑ ላይ ሆና ምን አለች?» አለ አያ አህዮ።

«ምን እንደገዛች። መቼ እንደገዛች። ምን ብለው ቃል እንደገቡላትና ቃላቸውን ስንት ጊዜ እንዳጠፉ።»

«አልተሳደበችም?»

«ስድብ ቢሆን ማን ያስታውሰው ነበር?»

አባ ቁራ ያልነገሩትን እኔ ልጨምር። ጩኸት የማይደርስበትም አለ። ሞዴሎቹን በወንዞቻችን ስም ይጠራ የነበረው፣ አንዷን መኪና «ዓባይ» ያላት ሆላንድ ካር አዲስ አበባ ውስጥ ከስሮ ሲወድቅ፣ ገንዘብ ከፍለው መኪና ያልደረሳቸው ደንበኞች ነበሩ። ቢሮ ለቢሮ ዞሩ፣ ተናገሩ፣ ተሰሙም። ነገር ግን የከሰረ ድርጅት ነገ የሚሸጠው ዕቃ ስለሌለው ነገ የሚሸሸው ገዢም የለውም። ጦጢት ግን ነገ ትሸጣለች። ያውም ጉንደ ወይን መጥታ።

ጥር ገባ። ጤፉ ተወቅቷል፣ ሰርጉ ደርሷል፣ ኪስ ሞቋል። በገበያው ቀን እመት ጦጢት ባጃጆቿን በአይሱዙ ጭና ጉንደ ወይን ገበያ ላይ አወረደቻቸው። ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላለች፣ ነጠላዋን አጣፍታለች፣ በድምፅ ማጉያ «አዲስ! ላስቲኳ ያልተቀደደ!» ትላለች። ገዢው ተሰለፈ።

አያ አህዮ ባጃጁን እየገፋ መጣና ከእሷ ባጃጆች አጠገብ አቆማት። ላይዋ ላይ ሰሌዳ ሰቅሏል። እንዲህ ይላል፦

«ይህችን ባጃጅ ከእመት ጦጢት ‹አዲስ ናት› ተብዬ ገዛሁ። ሻንሲዋ ተሰብሮ የተበየደ ነው፤ የፈለገ ይምጣና አያ ፍልፈል ያሳየዋል። ባወቅሁ ማግሥት ነግሬአታለሁ፤ የዘበኛዋ መዝገብ ምስክሬ ነው። የምጠይቀው ወይ እንድትለወጥልኝ ወይ ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ነው።»

አውራ ዶሮ ሰሌዳውን ዞሮ ዞሮ አነበበና ተከፋ። «‹ሌባ› የሚል የለበትም?»

«የለበትም።»

«ታዲያ ማን ያነበዋል?»

መጀመሪያ እውነትም ማንም አላነበበውም። ድምፅ ማጉያው ይበልጣል። አያ አህዮ አንገቱን ወደ ሰማይ ዘረጋ። የአህያ ድምፅ ምን እንደሚያህል ጎረቤት ያላችሁ ታውቃላችሁ፤ ሰባት ጊዜ አናፋና ሲያበቃ ድምፅ ማጉያው ዝም ብሏል። ከዚያ የአንገቱን ገመድ ጫፍ ከጦጢት ነጠላ ጫፍ ጋር ቋጠረና፦

«በሕግ አምላክ!» አለ።

ገበያው ቆመ። በድሮው ሥርዓት ሁለት ተሟጋቾች ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ በሕግ አምላክ ተብሎ የተጠራ መንገደኛ ቆሞ ሳይዳኝ ማለፍ አይችልም ነበር። ጌታም ይሁን ገበሬ፣ የመንገድ ዳኛ ይሆናል። ይኸን ሥርዓት ብዙዎቹ ከአያቶቻቸው አፍ ነው የሚያውቁት፤ ግን ቃሉ ሲጠራ እግር ይያዛል። በዚያች ደቂቃ በመካከላቸው ስታልፍ የተገኘችው በጊቱ ነበረች።

በጊቱ በሕይወቷ ገበያ መሐል ተናግራ አታውቅም። ባጃጅ ልትገዛ ነው የመጣችው፤ ገንዘቧን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራለች። ዙሪያዋን አየች፣ ማምለጫ የለም። «እኔ ነገር አላውቅም» አለች። «ዳኚ!» አላት ገበያው። ባጃጇን አየቻት። አያ ፍልፈል ከሥር ሆኖ ቀለሙን ፍቆ ዝገቱን አሳያት። ከዚያ ወደ ጦጢት ዞረች።

«እመት ጦጢት፣ ልጅሽን ጭነሽ በዚህች ባጃጅ የደጀንን ቁልቁለት ወደ ዓባይ ትወርጂባታለሽ?»

ጦጢት አፏን ከፈተች። እጇ ግን ሳታስበው ጀርባዋ ላይ ወዳለው ልጇ ሄደ። ተሰልፎ የነበረው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ። አውራ ዶሮ ግን ገና ድምፁን አላሰማም። ከአይሱዙው ጣሪያ ላይ ወጣና «ከእሷ የተገዙ ሦስት ባጃጆች ዓባይ ገብተዋል! ከነተሳፋሪያቸው!» ብሎ ጮኸ። ገበያው ፈላ። ድንጋይ ያነሣም ነበረ። የጦጢት ፊት ግን በራ። «ሰማችሁ? ስም ማጥፋት ነው! ወንጀል ነው! ማነው ዓባይ የገባው? ስሙን ጥሩ!» ማንም ስም አልጠራም። ዶሮ የጠራው ሬሳ የለምና። ገበያው ተወዛገበ፦ ይኸኛው ውሸት ከሆነ ያኛውስ?

አያ አህዮ ጦጢትን እንደተቋጠራት ወደ አይሱዙው ተጠጋ። «ዓባይ የገባ ባጃጅ የለም» አለ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «ዶሮ ዋሽቷል። እኔ የማውቀው ሰሌዳዬ ላይ ያለውን ነው።»

ዶሮ ለአንድ ወር አላናገረውም። ወደ ኋላ ብሎ የነበረው ገዢ ግን ወደ ሰሌዳው ቀረበ። ያላነበበው አነበበ፣ ማንበብ የማይችለው አስነበበ።

ጦጢት የቀራት አንድ ነገር ነው። ደረሰኙን ከፍ አድርጋ አሳየች። «ገንዘቤ ይመለስልኝ ነው የሚለው? ይኸው፣ የከፈለው በራሱ ፊርማ! ዛሬውኑ ልመልስለት!» ገበያው የተጻፈውን ዋጋ አይቶ ጮክ ብሎ ሳቀ፤ በዚያ ዋጋ እንኳን ባጃጅ ጎማዋም አይገኝም። የገቢዎቹ ጉንዳን ደግሞ እዚያው ቆሞ ቀረጥ ይሰበስባል። አያ አህዮ ጉንዳኑን አየ፣ ሰሌዳውን አየ። እውነቱን ለመናገር ቋጠሮውን ፈትቶ መሄድ አምሮት ነበር።

«የከፈልኩት የዚህን እጥፍ ነው» አለ። «በግማሹ የተቆረጠው ተስማምቼ ነው። የሚቀጣ ካለ ሁለታችንንም ይቅጣን።»

ጉንዳኑ ምንም አልተናገረም፤ ጻፈ። ከሰልፉ ውስጥ ግን የሞጣዋ ፍየል፣ የቢቸናው በቅሎና የመርጡለ ማርያሟ ጥንቸል እየተሳቀቁ ከኪሳቸው ደረሰኝ አወጡና በየራሳቸው ማንበብ ጀመሩ።

ማታ ጦጢት አያ አህዮን እመት ንቢት ጠጅ ቤት ጠራችው። ቋጠሮው ተፈትቷል፤ ጉንዳኑ ለሁለቱም የመቀጫ ወረቀት ሰጥቶ ሄዷል። ጦጢት በራሷ እጅ ብርሌውን ቀዳችለት።

«እኔና አንተን ምን ያጣላናል? ነገ ጠዋት አዲሷን ውሰድ። መርጠህ። ሙሉ ቤንዚን ሞልቼ።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«ሰሌዳውን ታወርዳለህ።»

«አወርዳለሁ።»

«ተለወጠልኝም አትልም።»

አያ አህዮ ብርሌውን አስቀመጠ። «ለምን?»

ጦጢት ሞኝ አይደለችም። ለአንድ የሚጮህ አህያ መለወጥ፣ ዝም ካሉት ከተገኘው ትርፍ ላይ የሚቀነስ ትንሽ ወጪ ነው፤ በየዓመቱ የምትይዘው በጀት አላት። ከእንዲህ ዓይነቱ ቤት መብቱን አግኝቶ የሚወጣ ሁሉ ይኸን በጀት ነው የሚበላው። የሚጮኸው ባጃጁ ይለወጥለታል፣ ቤቱ ይገባል፣ ጦጢት ደግ ናት ይላል። ስለዚህ ጦጢትን ያስፈራት ጩኸቱ አልነበረም፤ ጩኸቱ መፍትሔ ማምጣቱ መታወቁ እንጂ።

«ሰሌዳውን ከማውረዴ በፊት አንድ መስመር እጨምርበታለሁ» አለ አያ አህዮ። «‹እመት ጦጢት ለወጠችልኝ› የሚል። ውሸት ነው?»

«እውነት ነው እንጂ…»

«ምስጋና ነው እኮ።»

«እንዲህ ያለው ምስጋና ዘጠኝ ባጃጅ ያስከፍለኛል!»

አያ አህዮ ጆሮው ቀጥ አለ። «እኔ አንድ ነው የማውቀው።»

ጦጢት አፏን በእጇ ያዘች። እመት ንቢት ግን ብርሌ እያጠበች ሰምታለች፤ የንብ ቤት ደግሞ ስንት ጆሮ እንዳለው ይታወቃል። ሳይነጋ «ዘጠኝ» የሚለው ቃል ሞጣ ደርሷል።

በሚቀጥለው ገበያ ወደ ግራ የሚስቡ ባጃጆች ከየአቅጣጫው እየተንቋቁ መጡ። ጦጢት ሦስቱን ለወጠች፣ የአራቱን ገንዘብ መለሰች፣ ሁለቱን ባለቤቶቹ ተስማምተው በቅናሽ አስቀሯቸው። በጊቱ ከዚያ ቀን ወዲህ አልደላትም፤ ነጠላ የቋጠረ ሁሉ እሷን ይፈልጋል። ለራሷ ግን አያ ፍልፈል ሁሉንም ባጃጅ ከሥር ካየላት በኋላ አንዷን ገዛች፣ ደረሰኟንም በሙሉ ዋጋ አስቆረጠች። ጦጢት በዚያው ወር ብዙ ሸጠች። ይኸን ስነግራችሁ ጦጢት ተለወጠች ማለቴ አይደለም፤ ጉንደ ወይን ላይ አያ ፍልፈል አለና ነው።

ጦጢት አለመለወጧን ያየሁት አያ አህዮ ከጠየቃት ጥያቄ ነው። አዲሲቱን ሊረከብ ሲል ቁልፉን ሳይቀበል ቆመ።

«ያቺ የተበየደችውስ የት ትሄዳለች?»

«ምን አገባህ? የአንተ ተለውጧል።»

«የት ትሄዳለች?»

«ባሕር ዳር» አለች ጦጢት። ሠራተኞቿ ከኋላ ቀለም እየበጠበጡ ነበር፤ ሰማያዊ።

«ስትሸጫት ውሉ ላይ ‹ተገልብጣ የተበየደች› ብለሽ ጻፊ።»

«እንደዚያ ብዬ ጽፌ ማን ይገዛኛል?»

«በዋጋዋ የሚፈልጋት።»

ከጠዋት እስከ ቀትር ተከራከሩ። አያ አህዮ ሁለት ጊዜ አንገቱን ወደ ሰማይ ዘረጋ፣ ጦጢት ሁለት ጊዜ «ኧረ በማርያም!» አለች። ተጻፈ።

የገዛት አያ ጅቦ ነው፤ ለመለዋወጫ፣ በሲሶ ዋጋ። ውሉን ሁለት ጊዜ አስነበበ። አያ ፍልፈልን ከሥር አስገብቶ ብየዳውን አስዳሰሰ። ደረሰኙን በከፈለው ልክ ይሁን ብሎ አስቆረጠ። ጅብ በእያንዳንዱ እግሩ አራት አራት ጣት ነው ያለው። ከመሄዱ በፊት ጦጢት ፊት ቁጭ አለና ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈ፣ በአራቱም እግሩ፣ እስከ አሥራ አምስት ቆጠረ። አንዱ ጣት ሳይታጠፍ ቀረ።

«ያንን ለምን ተውከው?» አለችው ጦጢት።

«እሱ ‹የትኛው ባጃጅ?› የምትይኝ ቀን ነው።»